ሰው ፊት ቆሞ ጽሑፍ ማቅረብ፦ ከወሎ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርብበት ሰሞን ሲደርስ ስልኬ ዝም አይልም። ተማሪው «ነገ ነው የማቀርበው፣ ምን ላድርግ?» ይላል። ከወረዳ ግብርና የሚደውል አለ፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ለአለቆቹ የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚያቀርብ አለ፣ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረች ስለ ጤና የምታስተምር አለች። ሥራቸው ይለያያል፤ የሚጠይቁኝ ግን ያንኑ ነው። አቅራቢም ፈታኝም ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት ያየሁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ከሁሉም በፊት አንድ ልማድ እንድትይዙ እለምናችኋለሁ። ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት «እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ከሁሉ የበዛው ስህተት የትኛው ነው?

ስላይዱን ማንበብ ነው። የሚስተካከለው የለም።

ማንበብ የሚችል ሰው በዓይኑ ሲያነብ እናንተ ድምፅ አውጥታችሁ ከምታነቡት ይፈጥናል። እናንተ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርሱ ታዳሚው ጨርሶ ይጠብቃችኋል፤ ከዚያ በኋላ የምትሉት ሁሉ ለእሱ ያረጀ ወሬ ነው። ገና ሳይጨርስ ከደረሳችሁበት ደግሞ ይብሳል። በዓይኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ሳለ በጆሮው ሌላ ስለሚገባበት ሁለቱንም ያጣል። በዚያ ላይ የሚያነብ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ ዓመት ሙሉ የለፋበትን ሥራ ለግድግዳ ነግሮ የሚወርድ ተማሪ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ሥራው ጥሩ መሆኑን ጽሑፉን ሳነብ አውቄዋለሁና።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት ማካፈል ነው። አፍ ሊያሳየው የማይችለውን ስላይዱ ይያዝ፦ ካርታ፣ ፎቶ፣ ግራፍ፣ ትንሽ ሠንጠረዥ። ምክንያቱን፣ ታሪኩን፣ «ታዲያ ምን ይደረግ?» የሚለውን አፍ ይያዝ። በጦሳ ተራራ ግርጌ ስላለ የአፈር መሸርሸር የምታቀርቡ ከሆነ ቦረቦሩን በፎቶ አሳዩን፤ ቦረቦር እንዴት እንደሚፈጠር በአምስት መስመር አትጻፉልን፣ ንገሩን።

መሞከሪያም አለው። ስላይዱን ለማያውቅ ጓደኛ ስጡት። አንብቦ ሁሉንም ከተረዳ የእናንተ መቆም አላስፈለገም፤ አትማችሁ ብታድሉት ይሻላል። ምንም ካልገባው፣ ግን ስትነግሩት «አሃ» ካለ፣ ስላይዱ ቦታውን አውቋል ማለት ነው።

ካላነበብኩ እረሳለሁ። ምን ይሻለኛል?

የሚረሳው አብዛኛውን ጊዜ ቃል በቃል የሸመደደ ሰው ነው። ሽምደዳ እንደ ዶቃ ክር ነው፤ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉም ይረግፋል። ሐሳቡን የያዘ ሰው ግን አንድ ቃል ቢጠፋው በሌላ ይተካዋል። ከባቲ ገበያ ስትመለሱ የግመሉንና የፍየሉን ዋጋ፣ ያገኛችሁትን ሰው፣ የመንገዱን ነገር ለቤተሰብ ስታወሩ ወረቀት አትይዙም፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይመራችኋል። ገለጻችሁንም እንዲሁ አደራጁት፦ መጀመሪያ ምን አየሁ፣ ቀጥሎ ምን አደረግኩ፣ በመጨረሻ ምን አገኘሁ።

መዳፍ በምታህል ካርድ ላይ ለእያንዳንዱ ሐሳብ አንዲት ቃል ጻፉ። ቁጥሮችን በትውስታችሁ ሳትተማመኑ ጻፏቸው፤ ቁጥር በድንጋጤ ሰዓት መጀመሪያ የሚጠፋ ነገር ነው። በቃላችሁ የምትይዙት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው። ፓወር ፖይንት ለአቅራቢው ብቻ የሚታይ የማስታወሻ ገጽ አለው፤ የአዳራሹ ኮምፒውተር ግን ሁልጊዜ ያንን እንዲያሳይ ሆኖ አይገናኝም። ካርዷ ከእጃችሁ አትለይ።

ስንት ስላይድ ይበቃኛል? ፊደሉስ ምን ያህል ይሁን?

ለ15 ደቂቃ ከ10 እስከ 12 ስላይድ ይበቃል። ፊደሉን ከ28 በታች ባታወርዱት እመክራለሁ።

ይህን የምለው በተለይ ለፊደላችን ነው። ለ እና ሉ፣ ሰ እና ሱ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ቅጥያ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እየገመተ ያነባል። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ስድስት ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩት፤ እናንተ ካላነበባችሁት እሱም አያነበውም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። መጋረጃ የሌለው መስኮት ባለበት ክፍል ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ያድናችኋል፤ ጥቁር መደብ ላይ ያለ ቢጫ ፊደል ፀሐይ ሲገባ ይጠፋል። ግራፍ ላይ ቀይና አረንጓዴን ጎን ለጎን አታድርጉ። ሁለቱን ቀለማት ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች አሉ፣ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ይበዛሉ፣ ፈታኛችሁ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ገና ስሜ ሲጠራ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ይህ ይድናል?

ሰው ፊት ሲቆም ሙሉ በሙሉ የማይደነግጥ አላየሁም። ሰውነት አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይርዳል። ድንጋጤው የሚበረታው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ከተናገራችሁ በኋላ መርገብ ይጀምራል። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ ያልኩት ለዚህች ጊዜ ነው።

የሚያግዙ ነገሮች አሉ። ቀድማችሁ ድረሱና የሚገባውን ሰው በር ላይ ሰላም በሉት። ስትጀምሩ የምታዩት የማታውቁት ሕዝብ አይሆንም፤ ቅድም የጨበጣችሁት ሰው ነው። አየር ስታስወጡ ከምታስገቡት አስረዝሙት፤ አራት እስክትቆጥሩ አስገቡ፣ ስድስት እስክትቆጥሩ አስወጡ። ሰፊ ወረቀት አትያዙ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል። የሌዘር መብራትም እንዲሁ፤ ግድግዳው ላይ የምትንቀጠቀጥ ቀይ ነጥብ ሁሉንም ትናገራለች።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ ስለምሳሳላችሁ ነው። ሌሊቱን በጫት አንግተው የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። በሌሊቱ ብዙ የሠሩ ይመስላቸዋል፤ ጠዋት ግን አፋቸው ይደርቃል፣ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የሚያውቀው ቃል ይጠፋበታል። የቀረው ሥራ ቢቀር ይሻላል፤ ተኙ። ቡናውም በዚያ ጠዋት አቦል ላይ ይቁም።

እንዴት ልጀምር?

ሰላምታ ይቅደም። እዚህ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ አዳራሽ ነው የሚቀመጠው፤ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ሁሉንም የሚያቅፍ አጭር ሰላምታ ስጡ። ስህተቱ የሚመጣው ሰላምታው ሲረዝም ነው። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራን ፈታኞች፣ የተከበራችሁ...» እየተባለ በማዕረግ ሲዘረዘር ከ15ቱ ደቂቃ ሦስቱ ያልቃል። ሰብሳቢው ማዕረጉን አስቀድሞ ከጠራው እናንተ «የተከበራችሁ ታዳሚዎች» ብላችሁ እለፉ።

ይቅርታ በመጠየቅም አትጀምሩ። «በቂ ዝግጅት አላደረግኩም»፣ «ትንሽ አሞኛል»፣ «ጊዜ አጥሮኝ ነው» የሚሉ ቃላት ትሕትና ይመስሉናል። ታዳሚው ግን ከዚያ በኋላ ጉድለት ሲፈልግ ነው የሚያዳምጠው፤ ፈልጉ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

የይዘት ዝርዝር የያዘውን ሁለተኛ ስላይድ፣ «መግቢያ፣ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት» የሚለውን፣ ተቋማችሁ ካላስገደዳችሁ አውጡት። ማንኛውም ጥናት ያንን ይዟል። ይልቅ በነገሩ ግቡ፦ «በልግ በቀረባቸው ዓመታት የደጋው ገበሬዎች ዘር ከየት እንደሚያገኙ ልነግራችሁ ነው።» ወሎ ውስጥ እንዲህ ብሎ ለጀመረ ሰው ጆሮውን የማይሰጥ የለም፤ በልግን የማያውቅ፣ የበልግን መቅረት የማያውቅ የለምና።

ስላይዱ በእንግሊዝኛ፣ ንግግሩ በአማርኛ ቢሆን ችግር አለው?

ችግር አለው፤ ሊቀል ግን ይችላል። ስለዚህ ጉዳይ ረዘም አድርጌ ብናገር ታገሡኝ፣ ምክንያቱም ትምህርቱ የተጻፈው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው።

ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል ውል የተፈረመባት ቦታ ናት። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነበር። በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ፤ ኢጣሊያም ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። በአንድ ግሥ ላይ የተፈጠረ ልዩነት ዓድዋ ድረስ ወሰደን።

የእናንተ ስላይድ ጦርነት አያስነሳም፤ ሆኖም ዓይነቱ አንድ ነው። ስላይዱ በእንግሊዝኛ «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ይዞ ሳለ በአማርኛ «ነው» ብላችሁ ትናገራላችሁ። ጥናታችሁ «ከዚህ ጋር አብሮ ታይቷል» ያለውን አፋችሁ «ይህ ያንን ያመጣል» ይለዋል። ፈታኙ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅ ወዲያው ይይዘዋል። ገበሬው ወይም የቀበሌው ሰው ደግሞ ስላይዱን ስለማያነብ የሰማውን ይዞ ይሄዳል፣ የሰማው ግን ካገኛችሁት በላይ ነው።

ስለዚህ ከማቅረባችሁ በፊት ዋና ዋናዎቹን አምስት ስድስት ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ጻፉና ወስኑ። በተለይ ግሦቹን፦ ይችላል፣ ይገባል፣ አለበት፣ ይመስላል፣ ነው። የተቋሙ ሕግ እንግሊዝኛ ካዘዛችሁ ስላይዱ ላይ ቃል አሳንሱ፣ ሥዕልና ቁጥር አብዙ። መምረጥ ከቻላችሁ ግን ታዳሚው በሚያስብበት ቋንቋ ጻፉ። ከሚሴ አካባቢ ከሆነ ኦሮምኛ የሚናገር ሰው አብሯችሁ እንዲቆም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እሱም ስላይዱን ከአንድ ቀን በፊት ይየው።

የአማርኛ ፊደሌ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሳጥን ወይም የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ለምን?

በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ኮድ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ሲከፍተው የሚያየው የላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስካሁን በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ሰነድ እየቀዱ የሚለጥፉ አሉ። ሁለተኛው፣ በዩኒኮድ ጽፋችሁም የመረጣችሁት ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ይችላል።

ኒያላ ወይም ኤብሪማ በብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛሉ። ፓወር ፖይንት ሲያስቀምጥ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲይዝ የሚያዝ ምርጫም አለው። ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ፋይሉን በፒዲኤፍም ማስቀመጥ ነው። ሁለቱንም ፍላሽ ላይ ያዙ፣ ወደ ኢሜይላችሁም ላኩ። የማታውቁት ኮምፒውተር ቫይረስ ሊኖርበት ይችላል፤ ያላችሁ አንድ ፍላሽ ብቻ አይሁን።

ለገበሬዎች ወይም ለቀበሌ ሕዝብ ሳቀርብ ምን ልጠንቀቅ?

ይህን ያስተማሩኝ ከሐይቅ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ወጣት ሳለሁ ስለ ተሻሻለ ዘር እንድናገር ተላክሁ። ለባለሙያዎች ያቀረብኩትን ስላይድ ምንም ሳልለውጥ ይዤ ሄድኩ። «በሄክታር 20 ኩንታል» አልኩ፣ «25 በመቶ ጭማሪ» አልኩ። ክፍሉ ብርሃን ስለነበረው ግድግዳው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው «ልጄ፣ ይኼ የምትለው በጥማድ ስንት ነው?» አሉኝ። ቆምኩ። ጥማድ እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ የሄክታር ሩብ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሃያው ለአራት ሲካፈል አምስት ነው፣ ይህን ሕፃን ልጅ ያሰላዋል። እኔ ግን ደንግጬ አልመጣልኝም። እሳቸው ራሳቸው «አምስት ነዋ» አሉና ለጎረቤታቸው አስረዱ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ያዳመጠው እሳቸውን ነው፤ ትክክልም ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። መለኪያውን በእነሱ መለኪያ እለውጣለሁ። መቶኛን «ከአራት ኩንታል ላይ አንድ ይጨምራል» እላለሁ። በፕሮጀክተር ፈንታ የሚዳሰስ ነገር አመጣለሁ፤ ሁለት የማሽላ ራስ፣ አንዱ ከድሮው አንዱ ከአዲሱ ዘር፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ገበሬ በጣቱ ፈልፍሎ አይቶ የሚያምነውን ያህል ምንም ግራፍ አያሳምነውም። ከመናገሬ በፊትም እጠይቃለሁ፦ «ባለፈው ክረምት እንዴት ነበር?» የሚነግሩኝ ብዙ ጊዜ ከስላይዴ ይበልጣል፤ ንግግሬንም ከእነሱ ቃል እነሳለሁ።

ቀኑን መምረጥም የገለጻው አካል ነው። ባቲ ዙሪያ ሰኞ ስብሰባ ብትጠሩ ገበያው ሰዉን ይወስደዋል። ዓርብ ከቀትር በፊት ጀምራችሁ ወደ ጁምዓ ሶላት ሰዓት ከዘለቃችሁ ግማሹ ይነሳል፣ መነሳቱም ተገቢ ነው። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ረጅም ንግግር ይከብዳል። የበዓላት ቀን ደግሞ በተቃራኒው ሰዉ እርሻ ስለማይውል ይገኛል፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን መመለሻውን ጠብቁ። እነዚህን ሁሉ የቀበሌው ሰው ያውቃቸዋል፤ በስልክ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ነው።

መክፈቻውን ለሽማግሌ ስጡ። ዱአ ወይም ምርቃት ሳይደረግ ዘው ብሎ መጀመር እዚህ አገር ይከፋል። ሲያናግሯችሁ «አንቱ» በሉ፤ ማይክ ስለያዛችሁ «አንተ» አትበሉ። ሲያርሟችሁ አትከራከሩ፣ አድምጡ።

ግራፍና ቁጥር ላይ የሚበዛው ስህተት ምንድን ነው?

ዘመኑን አለመጻፍ። ግራፉ ሥር «2012» ይላል። በእኛ ነው በአውሮፓ? መካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ፤ ስለ ወሎ ዝናብ ወይም ምርት ስናወራ ሰባት ዓመት ሌላ ዘመን ነው። በተለይ ከሁለት ቦታ የመጣ ቁጥር አንድ ግራፍ ላይ ሲደባለቅ፣ የወረዳው በእኛ ዘመን፣ የዓለም አቀፉ በእነሱ ዘመን፣ መስመሩ ራሱ ውሸት ይሆናል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ አይከብድም። የበጀት ዓመት ከሆነ ከሐምሌ 1 እንደሚጀምር ተናገሩ፤ ለውጭ እንግዳ ይህ ግልጽ አይደለም። ሰዓትም እንዲሁ ነው፣ «3 ሰዓት» ብላችሁ የጠራችሁት እንግዳ ከቀትር በኋላ ሊመጣላችሁ ይችላል።

ሠንጠረዥ 40 ቁጥር ካለው ሦስቱን አድምቁ፣ የቀሩትን አውጡ።

15 ደቂቃ ተብዬ ተዘጋጅቼ «ሰባት ደቂቃ ነው ያለህ» ብባልስ?

ይህ የማይደርስበት ሰው የለም፤ ከእናንተ በፊት የነበረው አርዝሟል ወይም እንግዳው ዘግይቷል። ብዙዎች ያንኑ ሁሉ በእጥፍ ፍጥነት ሊናገሩት ይሞክራሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ማንም ምንም አይዝም።

ቡናችንን አስቡት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጉልበቱ ያለው አቦሉ ላይ ነው፤ እንግዳ አቦል ጠጥቶ ቢነሳ ቡና ጠጥቷል። ገለጻውን ከመጀመሪያው እንዲህ አዘጋጁት፦ ዋናው ግኝት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ይነገር፣ ቶናው ላይ እንዴት እንዳገኛችሁት ግለጹ፣ በረካው ላይ ዝርዝሩን። ጊዜ ሲቀነስ በረካውን ትተዋላችሁ፣ ቢብስ ቶናውንም። የለመድነው ግን ግልባጩ ነው። ስለ ዓለም፣ ስለ አፍሪካ፣ ስለ ኢትዮጵያ፣ ስለ አማራ ክልል፣ ስለ ወሎ ብለን ወደ ወረዳው ስንደርስ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል፤ ግኝቱ ሳይነገር እንወርዳለን።

ሊዘለሉ የሚችሉ ስላይዶችን አስቀድማችሁ ለዩ። በፓወር ፖይንት የስላይዱን ቁጥር ጽፋችሁ «ኢንተር»ን ስትጫኑ በቀጥታ ወደዚያ ይወስዳችኋል። ሰው ፊት ስምንት ስላይድ እየገለበጣችሁ «ይህን እንለፈው፣ ይህንንም እንለፈው» ከማለት ያድናል።

መብራት ቢጠፋስ?

ቀጥሉ። ካርዷ እጃችሁ ላይ ናት፣ ነገሩም የእናንተ ነው። ካርታውንና ዋናውን ግራፍ አንድ ወረቀት ላይ አትማችሁ አሥር ቅጂ ከያዛችሁ አድሉት። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው። ኬብልም አስቡ፤ አሮጌ ፕሮጀክተሮች ቪጂኤ ነው የሚቀበሉት፣ አዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ኤችዲኤምአይ ብቻ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሁለቱን የምታገናኘዋን ትንሽ ዕቃ ከቦርሳችሁ አታውጧት።

ብርሃን ሳለም ስክሪኑን የምታጠፉበት ጊዜ አለ። የ«ቢ» ቁልፍን ስትጫኑ ፓወር ፖይንት ስላይዱን ያጨልመዋል፣ ደግማችሁ ስትጫኑ ይመልሰዋል። ታሪክ ስትናገሩ ተጠቀሙበት፤ ዓይን ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣል።

ፈታኞች ሲጠይቁኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄው እስኪያልቅ ጠብቁ። ግማሹን ሰምቶ መልስ የሚጀምር ተማሪ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ጻፉት። ካልገባችሁ «ጥያቄዎ ይህ ነው?» ብላችሁ በራሳችሁ ቃል መልሱላቸው፤ ይህ ነውር የለበትም፣ ለማሰብም ጊዜ ይሰጣል።

የማታውቁትን «ይህን አላየሁትም» በሉ። በዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የሚያሳስበኝ ተማሪው አለማወቁ አይደለም፤ የማያውቀውን ከራሱ ፈጥሮ ሲናገር ሳይ ነው፣ ያን ጊዜ የሚያውቀውንም መጠራጠር እጀምራለሁ። ጥናቱ የማይሸፍነውን ሲጠየቁ «ጥናቴ ሦስት ቀበሌ ነው፣ ስለ ሌላው መናገር አልችልም» ማለት ድክመት የሚመስላቸው አሉ። ለእኔ የጥናቱን ድንበር የሚያውቅ ሰው ምልክት ነው።

ስህተታችሁን በትክክል ካሳዩአችሁ «ልክ ነዎት፣ አስተካክላለሁ» በሉና ጻፉት። አማካሪያችሁን «እሳቸው ናቸው እንዲህ አድርጊ ያሉኝ» ብላችሁ አታጋፍጡ። ፈታኙ ተሳስቶ ከሆነ ገጹን ጠቅሳችሁ በእርጋታ አሳዩ፤ ድምፅ አታንሱ።

ትልልቅ ሰዎችን በዓይን ማየት ድፍረት አይሆንብኝም?

ይህን የሚጠይቁኝ በተለይ ከገጠር የመጡ ሴት ተማሪዎች ናቸው፣ ጥያቄውን አከብረዋለሁ። ዓይን ሰበር ማድረግ ስንማር ያደግነው አክብሮት ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን መሬት እያየ የሚናገር ሰው ድምፁም መሬት ይወድቃል፣ ከኋላ አይሰማም። ዓይን ዓይናቸውን ማየት ከከበዳችሁ ግንባራቸውን እዩ፤ ለእነሱ ልዩነቱ አይታወቅም። አንድ ሰው ላይ አትቆዩ፣ አንድ ሐሳብ ለአንዱ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ዙሩ። በዚህ መካከል ራሱን የሚነቀንቅ፣ የሚያበረታታ ፊት ታገኛላችሁ፤ ሲጨንቃችሁ ወደዚያ ተመለሱ።

በቡድን ስናቀርብስ?

ሁሉም የሁሉንም ክፍል ይወቅ፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ያቀርባል። መቀባበያዋን ዓረፍተ ነገር ተለማመዱ። አንዱ ሲናገር የቀራችሁት ስልክ አትንኩ።

እንዴት ልለማመድ?

ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም፤ በልብ 8 ደቂቃ የወሰደው ሲነገር 14 ሊሆን ይችላል። በስልክ ቅዱትና ስሙት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ በየዓረፍተ ነገሩ «ማለት ነው»፣ «እና እንግዲህ»፣ «ያው» እያልን መሆናችንን ካልተቀዳን አናውቅም። እነዚህን ለማጥፋት አፍን መዝጋትን መልመድ ነው፤ ቃሉ ሊመጣ ሲል ዝም በሉ። ለእናንተ ረጅም የሚመስለው ዝምታ ለሰሚው ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነው። መንዙማ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ መሪው ስንኙን ጨርሶ ሲያቆም ነው ሌላው የሚቀበለው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ርዕሱ ምንም ለማያውቅ ሰው አቅርቡ። እናታችሁ ወይም የቤት አከራያችሁ ይሁኑ። «ታዲያ ይኼ ለምን ይጠቅማል?» ብለው ከጠየቁና መልስ ካጣችሁ፣ ፈታኙም ያንኑ ይጠይቃችኋል።

ካቀረብኩ በኋላ ስህተት እንዳለበት ባውቅስ?

እንዳወቃችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ። አንድ ጊዜ አንድ የቁጥር አምድ ተገልብጦ ማቅረቤን ማታ ቤቴ ሆኜ አየሁ፤ የአንዱ ቀበሌ ቁጥር በሌላው ስም ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ለሰብሳቢው ደውዬ ነገርኩ፣ የተስተካከለውን ሠንጠረዥ ለተገኙት ሁሉ ላክሁ፤ ከላይ የተሳሳተው የቱ እንደሆነ በቀይ ጻፍኩበት። ከተቀበሉት አንዷ በዚያ ቁጥር የዘር ድልድል ልትሠራ ጀምራ ነበርና ደውላ አቆመችው።